ፍሬ ቡና ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለምወድሽም ለምፈራሽም ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? እማዬ እንዴት ናት? ጋሼስ፣ ልጆቹስ? ያለፈው ደብዳቤሽ «ሁላችንም ደህና ነን፣ አታስብ» ይላል። እኔን እንደምታውቂኝ፣ አታስብ ስባል ነው ማሰብ የምጀምረው። ደህና የሆነ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ሁለት ጊዜ አይጽፍም፤ አንቺ ሦስት ጊዜ ጽፈሻል። እማዬ ያ ሳል ካልለቀቃት በግልጽ ጻፊልኝ። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ይኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፍኩት፣ ስለዚህ እመኚኝ።

ዛሬ በጥድፊያ የምጽፍልሽ ሬዲዮ ቢቀድመኝም እውነቱን ከኔ እንድትሰሚ ብዬ ነው። ሬዲዮ የምንለው የሰፈራችን የአናጢው ልጅ ነው፤ እኔ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ወረቀት ይጭናል፣ ያራግፋል። ለእናቱ በሁለት ቀን አንዴ ይደውላል፣ እናቱ ደግሞ የሰማችውን ይዛ አታድርም። ስለዚህ ወንድምሽ ቡና ሰርቆ ተያዘ የሚለውን ሳትሰሚ አልቀረሽም። አልሰረቅሁም፤ ግን ተይዣለሁ። ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ባለፈው ወር አለቃችን ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ለሠራተኛው የሚፈላው ቡና ከእንግዲህ ተቆልቶ በፍሬው ይምጣ ወይስ ተፈጭቶ የታሸገው ይሁን፣ አሥራ አራታችንም በየስማችን ፊት ምልክት እንድናደርግ ይላል። ጆሮዬ የቆመው ያኔ ነው። ሰውየው እኮ መስኮት ይከፈት ወይስ ይዘጋ ብሎ እንኳ ጠይቆን አያውቅም! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አልኩ በልቤ።

ከሁሉ በላይ የጠረጠርኩት የተፈጨውን ነው። ፍሬ ፊቱን አይሸፍንም፤ የነቀዘው መንቀዙ፣ ያረረው ማረሩ ይታያል። ዱቄት ውስጥ ግን ገብስ ተቆልቶ ይግባበት፣ ሽምብራ ይግባበት፣ አምና የተጠጣ አተላ ደርቆ ይግባበት ማን ያያል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ በምሳ ሰዓት ሰበክኋቸው። አታሚው፣ ያ ሁልጊዜ የሚቸኩለው፣ ለመጠጣት ያለን አሥር ደቂቃ ነው፣ ማን ቁጭ ብሎ ይፈጫል አለኝ። እኔም ከታሸገው ቆንጥሬ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ላይ በተንኩላቸው። ግማሹ ተንሳፈፈ፣ ግማሹ ወርዶ ውሃውን አጠቆረው። እውነቱን ለአንቺ ልንገርሽ፣ ንጹሕ ቡናም ሲደቅ ይስመጥ አይስመጥ አላውቅም። ያም ሆኖ አፌን ሞልቼ አያችሁ አልኳቸው፣ ፍሬውም ስምንት ለስድስት አሸነፈ።

ቡናውን የሚያፈሉልን አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። «ቶሎ ቶሎ ጠጡና ስኒዬን መልሱ» ከአፋቸው ስለማይጠፋ እትዬ ቶሎ እንላቸዋለን። ውጤቱ ሲነገር ሴትዮዋ አጨበጨቡ፣ የቀራቸው እልል ማለት ብቻ ነበር። ይሄ አልተዋጠልኝም። በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን የታሰረ የእጅ መፍጫ ይዞ ለአሥራ አራት ሰው በቀን ሁለቴ መፍጨት እኮ ቀላል አይደለም። ሥራ ሲጨመርበት የሚደሰት ሰው ምን ሊያገኝ ነው? አልኩና ዓይኔን ጣልኩባቸው።

የኔን የወረቀት መቁረጫና የቡናውን ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ማሽኔን አጥፍቼ ጆሮዬን እለጥፍበታለሁ። የመፍጫ ድምፅ የሚባል የለም፣ ጸጥ! ቡናው ግን በሰዓቱ ይመጣል፤ ያውም ሻካራ፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባ። አንድ ቀን ስኒ ከእጃቸው አምልጦ ተሰበረ፤ ልባቸው ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው አልኩ። ሌላ ቀን ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጃቸው ሲያነሱ አየሁና፣ እንዲታዘንላቸው ነው አልኩ። በመጨረሻ ከሥራ መውጫ ላይ በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ፣ ፍሬውን በጣሳ ቀድተው ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው። በማግስቱም ደገሙት፣ በሠልስቱም።

ለአለቃው ነገርኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ የነገርኩት። ስም አልጠራሁም፤ ቡና እየወጣ ነው፣ ቦርሳ ይፈተሽ ብቻ ነው ያልኩት። ኩራትም ተሰማኝ፣ ምን ልደብቅሽ።

ባለፈው ሳምንት ዓርብ በመውጫ ሰዓት አለቃው ራሱ በር ላይ ቆመ። የቡናው ክፍል ተቆልፎ ቁልፉ ኪሱ ገብቷል። ተሰለፉ ተባልን። እኔ ሆን ብዬ ከእትዬ ቶሎ ኋላ ቆምኩ፣ ሲያዙ ፊታቸውን ለማየት ነው። እሳቸው ደንግጠው ዞር ሲሉ ያገኙት እኔን ሆነና በጆሮዬ አንሾካሾኩልኝ። ቀኝ እጃቸው አልጨብጥ ካለ ሁለት ወሩ ነው። መፍጫውን አንድ ዙር ማዞር አይችሉም። ስለዚህ የሚቀጥለውን የሥራ ቀን ፍሬ ይዘው ይሄዳሉ፣ ቤታቸው ልጃቸው ትፈጭላቸዋለች፣ ጠዋት ማናችንም ሳንገባ መልሰው ያመጡታል። አለቃው ደግሞ ያን ወረቀት የለጠፈ ዕለት ለብቻቸው ጠርቶ፣ የተፈጨው ከተመረጠ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ የሚቀዳ ማሽን አስገባለሁ፣ ያኔ እርስዎን አንፈልግም ብሏቸዋል። «እስካሁን እዚህ ያኖረኝ ፍሬው ነው፣ አንተ ነህ የተከራከርክልኝ፣ ተባረክ» አሉኝ። አስቢው እስቲ፣ የጠቆምኩባቸው ሴት እኔን ነው የሚመርቁኝ!

ቢሆንም ወዲያው አላመንኳቸውም፣ አመል ነው። እንግዲያው ጣሳውን ያውጡና ያሳዩኝ አልኳቸው። እጃቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ሰደዱ። ጣቶቻቸው ጣሳውን ይነኩታል፣ መጨበጥ ግን አቃታቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። እኔው ጎትቼ አወጣሁት። በዚያው ቅጽበት ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ጣሳው እኔ እጅ ላይ ቀረ። ከኋላዬ ሬዲዮና አታሚው ወሬ ይዘዋል። መልሼ ቦርሳቸው ውስጥ ብከተው ሴትዮዋ መያዛቸው ነው። የራሴ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ምን ነካኝ እታለም? እኔ እኮ ለሰው ብዬ ዝናብ ላይ የማልቆም ሰው ነኝ።

አለቃው ጣሳውን ከቦርሳዬ ሲያወጣ ሳቁ ግቢውን ሞላው። ጠቋሚውም አንተ፣ ሌባውም አንተ አለ ሁሉም እየሰማ። አታሚው ደግሞ ፍሬ ፍሬ እያልክ ያደረቅከን ለዚህ ኖሯል አለኝ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የምለው። እትዬ ቶሎ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዓይኔን አፈጠጥኩባቸውና ዝም አሉ። የጠቆምኩት እኔ መሆኔን የሰሙትም ያኔ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ አትሳቂብኝና፣ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ልጅቱ በእርግጥ ትፈጭ እንደሆነ በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝማ! ልጅቱ በር ከፍታልኝ ተመልሳ ተቀመጠች። ጥርሱ ያለቀ አሮጌ መፍጫ በጉልበቶቿ መሃል ይዛ የቤታቸውን ቡና ትፈጫለች፤ ቡናችን ለካ ሻካራ የሆነው ለዚህ ነው። እትዬ ቶሎ ወንበር ሳቡልኝ። እንዴት መጣህ አላሉኝም፣ ለምን ጠቆምክብኝም አላሉኝም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አለቃው አላባረረኝም። መቁረጫውን ከኔ በቀር የሚያውቅበት ስለሌለ ነው እንጂ አዝኖልኝ እንዳይመስልሽ። ቅጣቴ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ገብቼ የቀኑን ቡና መፍጨት ነው። እትዬ ቶሎ ቁልፉን ይዘው አጠገቤ ቁጭ ብለው እጄን እንዲጠብቁ ታዘዋል። እኔ አሽከረክራለሁ፣ እሳቸው ቶሎ ቶሎ ይሉኛል። ሰው ብቅ ሲል ጮክ ብለው ይቆጡኛል፣ ሲሄድ የመጀመሪያውን ስኒ ለኔ ይቀዳሉ። ሌሎቹ ግን እኔ ሳልፍ ቦርሳቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። ሬዲዮ እንኳ ከትናንት ወዲያ ኮቱን ከኔ መስቀያ ወስዶ ሌላ ቦታ ሰቀለ። ያ አመመኝ፣ በጣም አመመኝ።

አሁን ልመናዬን ስሚኝ። አንቺ ነገር አታሳልፊም፣ አውቅሻለሁ። የሬዲዮ እናት ደጃፍ ሄደሽ ወንድሜ እኮ እንዲህ አድርጎ ነው ብትያት፣ በሦስተኛው ቀን እዚህ ይደርሳል፣ በአራተኛው እትዬ ቶሎ ከሥራ ይወጣሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትይኝ ይሆናል፤ ይሄኛው ባይጠራ ነው የሚሻለው። ሆድ ይፍጀው። ሲያሙኝ ብትሰሚ እንዳልሰማሽ ሆነሽ እለፊ። እንደሚከብድሽ አላጣሁትም፣ ለኔም ከብዶኛል።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ያቺን ብስክሌት ሳይሸጣት እንዲጠብቀኝ ንገሪው። ትልቁን ልጅሽን በደብዳቤሽ ግርጌ ያለው ጽሑፉ አምሮለታል በይው፣ ግን እሱ ነው የጻፈው ወይስ አንቺ? ትንሿን ፊት ጥርሷ በቅሎ እንደሆነ ጠይቂልኝ፣ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚያት። አክስቴን ጉልበት ሳሚልኝ። እማዬን ደግሞ እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ። ለእሷ እንኳ አትንገሪያት፤ ደስ ካላት ለአገሩ ሁሉ ነው የምታወራው። ወሬው ጆሮዋ ከገባ ግን ልጄ አያደርገውም ብላ መማሏ አይቀርም። ተያት ትማል። ሳታውቀው እውነት ነው የምትምለው።

ተጠራጣሪው ወንድምሽ

ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሁድ፣ ኅዳር 19 ቀን