ለሐዘን የዘጋነው ደወል

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለቤቴል፤ ሐዋሳ።

እንደምን ሰንብተሻል? የሐይቁ ዓሣ አወፈረሽ ወይስ ኮምፒውተር ላይ እንዳቀረቀርሽ አንገትሽ እንደ ማጭድ ቆለመመ? ባልሽ አስናቀውስ፣ ልጅሽ ያምሮትስ ደኅና ናቸው? እኔ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ የሚያጉረመርመው ጉልበቴ ብቻ ነው።

ልጄ፣ ጨንቆኝ ነው የጻፍሁልሽ። የገበሬ ማኅበራችን ማዳበሪያ ፈላጊውን የሚመዘግብበት፣ አንቺ የሠራሽልን ድረ ገጽ ስም እየዋጠ ነው። ድሮ ገጹ ሲሰናከል ወሬው በኔትወርክ አንቺ ዘንድ ይደርስ ነበር። ኔትወርኩ ሲጠፋ ለፋሲካ መጥተሽ ገጹንም፣ ስህተት የሚጠብቀውን ፕሮግራምም እዚሁ ቢሯችን ኮምፒውተር ላይ ጫንሽልን። ስህተት ሲያገኝ ደወል ያሰማል፣ የሆነውንም ይጽፋል። እኔም «ማማ በቆሎው መካከል ይሠራል እንጂ ሐዋሳ ተቀምጦ ዝንጀሮ የሚያባርር የለም» ብዬ ስቄብሽ ነበር።

ታዲያ የቢሮው ጎረቤት ገደፋው ዐረፈ። ድንኳን በተተከለበት ሬዲዮ እንኳ አይከፈት፤ ያ ደወል በለቅሶው መካከል እየጮኸ አሳፈረን። መዝጋቢዋ አደይ «ድምፁን ብቻ ልቀንሰው» ብትል ሊቀ መንበሩ «ሙሉውን አጥፊው፣ ለሟች ክብር ነው» አላት። ድንኳኑ ሲነሣ መልሶ መክፈቱን ያስታወሰ የለም። ገጹ ለመጣው ሁሉ «ተመዝግበዋል» ይላል፤ ዝርዝሩን በፍላሽ ይዘን ቡሬ ከማዳበሪያ ማከፋፈያው ብንደርስ ግን የብዙ ሰው ስም የለም። የእኔም የለም። ሞትም እስካሁን የዘለለኝ ባንቺ ገጽ እየመዘገበ ይሆናል።

ሳቁ እዚህ ላይ አለቀ፣ ልጄ። የገደፋው ሚስት የእህተ ማርያምም ስም የለም። ትናንት ደጄ መጥታ «አያ ባምላኩ፣ ባሌን ስታከብሩ እኔን ቀበራችሁኝ» ብላኝ ሄደች። ማሳዋ ታርሶ ይጠብቃል፤ በቆሎ ያለ ማዳበሪያ አገዳ እንጂ ፍሬ አይሰጣትም። ምዝገባው የሚዘጋው ለሰኔ ሚካኤል ነው።

አደይ ጠባቂውን መልሳ ከፍታዋለች፤ ስም ባስገባች ቁጥር ይጮኻል። የሚጽፈውን ቀይ ጽሑፍ በፍላሽ ገልብጣ ሐዋሳ ለሚመላለሰው ሾፌር ለእንድሪያስ ሰጥታዋለች፤ ይህን ወረቀትም የሚያደርስልሽ እሱ ነው። መጠገኛውን በዚያው ፍላሽ አድርገሽ በእጁ መልሽልን። እባክሽ፣ በእግዜር ስም። የማይሆን ከሆነም ቁርጡን ንገሪኝ፤ በዚህ ጉልበት የበረቴን ፍግ ወደ ማሳዋ ማጋዝ ልጀምር።

አስናቀውን ሰላም በይልኝ። ያምሮትን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ነከስም አድርጊያት። አያትሽ ንግሥቴ ስማሻለች፤ እሷ እንኳ ከእህተ ማርያም ጋር ዓይን ለዓይን ላለመጋጠም ውኃ የምትቀዳው ዞራ ነው።

አያትሽ ባምላኩ
ቡሬ ዙሪያ፣ ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.