መምህርት መንበረ ገብረሥላሴ፦ ከሕመም ገበታ ወደ ቅዱሱ ማዕድ

መምህርት መንበረ ገብረሥላሴ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረሥላሴ አንዳርጌ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውቢት ወልደ ጊዮርጊስ በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊትን ከአባታቸው እግር ሥር ተምረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውንም በዚያው አጠናቀው በመምህርነት ሠለጠኑ።

በ1983 ዓ.ም. አዋሽ ተመደቡ። ደገኛዋ ልጅ ሙቀቱን አትችለውም ብለው የሰጉላቸው ብዙ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን የአፋሩን፣ የወሎዬውንና የባቡር ሠራተኛውን ልጅ በአንድ ወንበር አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሩ። በ1985 ዓ.ም. ከባቡር ጥገና ሠራተኛው ከአቶ ቢሰጥ መለሰ ጋር በተክሊል ተጋብተው ዓቢይንና ኑሀሚንን ወለዱ። በ2000 ዓ.ም. በሥራ ዝውውር ቤተሰቡ ሰመራ ገባ።

በ2009 ዓ.ም. ፊታቸው ላይ ሽፍታ ወጣ፤ አፋቸው ቆሰለ፤ ጣቶቻቸው አበጡ። በዚህ አገር ፊቱ የቆሰለ ሁሉ ምች መታው ስለሚባል፣ ዳማከሴ ያልጨመቀላቸው ጎረቤት አልነበረም። በዓመቱ አዲስ አበባ በተደረገላቸው የደም ምርመራ ሕመሙ ሉፐስ መሆኑ ታወቀ። ሐኪሙ እንዳስረዷቸው፣ ከውጭ ከሚመጣ ጀርም ሊጠብቋቸው የተሠሩት ፀረ እንግዳ አካላት ወገናቸውን ስተው የገዛ ቆዳቸውን፣ የአፋቸውን ስስ ሽፋንና ኩላሊታቸውን ያጠቁ ነበር።

ከሕመሙ ይልቅ የከበዳቸው፣ አፋቸው እየደማ ወደ ሥጋ ወደሙ መቅረብ አለመቻላቸው ነው። አቶ ቢሰጥ ሲቆርቡ እርሳቸው በቅኔ ማሕሌት ይቀሩ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚዋጠውን ክኒን ለማንም ሳይናገሩ ተዉት፤ ጾሙን ሳያጓድሉ ቢጾሙ፣ ቁስሉ ደርቆ ለትንሣኤ እንደሚቆርቡ ተስፋ አድርገው ነበር። ብዙም ሳይቆይ እግራቸው አብጦ ከአልጋ መነሣት ተሳናቸው።

በአቅራቢያው ባለችው የሎግያ ከተማ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዊዳድ ያልተነካውን ክኒን አይተው፣ «መንቢ፣ እኛ ዘንድ የታመመ አይጾምም፤ ሲሻለው ያለፈውን ቀን ጾሞ ቀዷውን ያወጣል። አንቺ ከመቃብር ተነሥተሽ ልታወጪው ነው?» አሏቸው። መምህርት መንበረም በቆሰለ አፋቸው እየሳቁ፣ «እኔ ዘንድ ቀዷ የለም፤ ይልቅ ንስሐ አባቴን ጥሪልኝ» አሉ።

ቄስ ምስክር መጥተው፣ «ከምግብ መከልከል የጤነኛ ጾም ነው ልጄ፤ የአንቺ ጾም ያቺን የጠዋት ቁራሽ መብላት ነው» ሲሉ በሥልጣናቸው ፈቱላቸው። እያለቀሱ ታዘዙ። ቁርባኑ ግን ለትንሣኤ አልደረሰላቸውም። ቁስሉ የደረቀው ክረምት ከገባ በኋላ ነው፤ ሐኪሙም በቁርባን ቀን ክኒኑን ከቅዳሴ በኋላ እንዲወስዱ ፈቅደውላቸው፣ በፍልሰታ ከባለቤታቸው ጋር አብረው ቆረቡ። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የሚተው ጾመኛ ሲያጋጥማቸው እቤቱ ድረስ ሄደው ይመክሩ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው እየደከመ ሄደ። እሑድ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ልጃቸው ዓቢይና የሰፈሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አደረሷቸው፤ እስከ ቅጥሩ በር በጃንጥላ ከፀሐይ የከለሏቸው ወይዘሮ ዊዳድ ነበሩ። በዚያ ጠዋት አፋቸው ቁስል አልነበረበትም። ቆርበውም ተመለሱ።

ማክሰኞ ሰኔ 10 ቀን በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸውና ከሁለቱ ልጆቻቸው ሌላ የልጅ ልጃቸውን ራሄልን ትተዋል።

የታዘዘችውን ነፍሳቸውን ጌታ ከማያልቀው ማዕዱ ያስቀምጥልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ያድለን፤ አሜን።