የግራው ብሎን

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ጠዋቱን ሙሉ ጋራዥ። አሥራት እንደወትሮው ቀድሞኝ በር ላይ ቆሟል። ሠላሳ አምስት ዓመት ጓደኛዬ ሆኖ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ስለሆነ ይሆን?

የትንሿ መኪናዬን የፊት ብራቾዎች (ጎማ የሚይዙት ክንዶች) ጎሚኒ ቀየርን። የድሮዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። አዲሶቹ ከእንግሊዝ የመጡ ናቸው፤ ቁጥራቸውን ልጻፈው እንዳይጠፋኝ፦ 7-1146፣ አራት ፍሬ። የግራውን እኔ፣ የቀኙን አሥራት። ጎሚኒ ሲቀየር ብሎኑ መጀመሪያ ላላ ተደርጎ ነው የሚታሰረው። በደንብ የሚጠብቀው መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ስትቆም ነው። የጠበቀ ዳዶ ላይ ሁሉ፣ መጥበቁ እንዲታወቅ፣ እስከ ብሎኑ ጫፍ ቢጫ መስመር ይቀባል። የአውሮፕላን መካኒክ አመል... ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ፣ አመሉ ግን አልወጣም።

መሃል ላይ ሊያ ደወለች። «አባዬ፣ የሚመጣው ቅዳሜ እኔ ድራይቭ ላድርጋት?» እሺ አልኳት። ልጄ እኮ ስትፈራት ነው የኖረችው! መኪናዋ በር የላት፣ ጣሪያ የላት፣ አምስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ብቻ። ፋናዬ «የሳጥን መኪና» ትላታለች። እውነቷን ነው፤ በሳጥን ተበታትና መጥታ እኔና አሥራት በአራት ዓመት ነው የገጠምናት።

አሥራትን ከሥራ ጠሩት። የያዘውን ጨርሶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሄደ። እኔ ዕቃ ሰበሰብኩ። ጥሩ ቀን።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ቢጫው ቀለም ደርቋል። ክሬንሾው መንገድ ወርጄ አዲስ ገዛሁ።

ዓርብ፣ ማርች 14

ነገ ሊያ ትመጣለች። ዘይት አየሁ። የጎማ ነፋስ ለካሁ። ቢጫው ቀለም ደርቆ ስላገኘሁት ክሬንሾው ሄጄ አዲስ ገዛሁ። ፋናዬ የቀለሙን መሳቢያ ከፍታ አየች፣ እኔን አየች፣ የሆነ ነገር ልትል ብላ ተወችው። ምን ነበር?

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ቢሆንም ልጻፈው።

ሊያ መሪ ላይ፣ እኔ ጎኗ። ከቤት እስከ መብራቱ በዝግታ ነዳች። ከዚያ ደስ አላት መሰለኝ ቁልቁለቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገባች። እየሳቀች ነበር። ከፊት በግራ በኩል «ቋ» አለ። አንድ ጊዜ። «አባዬ፣ ምንድን ነው?» ሳልመልስላት ሁለተኛው መጣ፤ መሪው ከእጇ ተነጠቀ። የግራው ጎማ ወደ ውስጥ ታጠፈ። መኪናዋ የመሃሉን መስመር አለፈች።

ከታች ነጭ የጭነት መኪና ይመጣል። ጡሩምባው... አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኛ የምንቀመጠው መሬት አጠገብ ነው፤ የሱ ጎማ ከፊቴ ከፍ ይላል። ዳዶዎቹን መቁጠር እስክችል ድረስ ቀረበኝ። ሰውየው ጠመዘዘ። እንዴት እንዳለፈን አላውቅም። አስፋልቱን በብረት እየፋቅን ሄደን ጠርዙ ላይ ቆምን።

ሊያ አላለቀሰችም። አልጮኸችም። መሪውን ግን አልለቅ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው።

ጎትተው ቤት አመጡልን። ሥሯ ገብቼ አየሁ። የግራው የታችኛው ብራቾ ብሎን ከግማሽ በላይ ወጥቷል፤ ዳዶው የለም። ዳዶው ተፈትቶ ወድቆ ነው እንጂ ብሎኑ አልተሰበረም። ብሎኑ ጫፍ ላይ ቢጫ የለም። ቀኙን አየሁ፤ ቢጫው ቀጥ ብሎ ተቀብቷል።

እኔ ያለ ቢጫ አልፌ አላውቅም። አርባ ዓመት። ሶ የግራውን የያዘው አሥራት ነው። ሥራ ሲጠሩት እየተጣደፈ...

ልጄን!

እሑድ፣ ማርች 16

አሥራትን ጠራሁት። መጣ። ስለ ሊያ እየጠየቀ ገባ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ብሎኑን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«የግራውን ማን ነው ያጠበቀው?»

ብሎኑን አገላበጠ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«አንተ ማን ነው ትላለህ?»

«አንተ ነህ።»

የብሎኑን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «እሺ ኅሩይ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ።»

ይከራከረኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አለመከራከሩ ይበልጥ አናደደኝ። ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ልጄን ልትገድልብኝ ነበር አልኩት። ሁለተኛ እዚህ ጋራዥ እግርህ እንዳይረግጥ አልኩት። የጋራዡን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ብሎኑንም አጠገቡ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ፋናዬ አኩርፋለች።

«አሥራት እንዲህ የሚያደርግ ሰው ነው?» አለችኝ።

«ራሱ አመነ እኮ!»

«ማመኑንማ ነገርከኝ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ምን ማለቷ ነው?

ሊያ ደወለች። ሥራ ስትሄድ የራሷ መኪና ትንሽ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ዳር ይዛ እንደምትቆም ነገረችኝ። ትናንት ሦስት ጊዜ ቆማ አረፈደች።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ቅዳሜ ሆኖ ማንም የለም። የታጠፈውን ብራቾ ፈታሁ። አንድ ሰው መያዝ የነበረበትን በጉልበቴ ደግፌ... ተንሸራቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ካቻቢቴውን አስቀምጬው የት እንዳደረግኩት ጠፋኝ። ግማሽ ሰዓት ፈለግኩት። ኪሴ ውስጥ ነበር። የሚስቅብኝ ሰው አለመኖሩ።

ቢጫ ቀለም ፍለጋ መሳቢያውን ከፈትኩ። አራት አሉ። ሦስቱ ከእሽጋቸው አልወጡም። ማን ገዛቸው?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18 — ስቅለት

ቀኑን ሙሉ ቤተክርስቲያን። ጉልበቴ አልቻለም፣ ቢሆንም ሰገድኩ። አሥራት ከፊቴ ሁለት ረድፍ ቀድሞ ነበር። ሲነሳ ወገቡን ይይዛል። እኔን ለመርዳት ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ያመመው ወገብ ነው። ዞር ሲል ዓይናችን ተገጣጠመ። እጅ ነሳኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ቄሱ «የተጣላችሁ ታረቁ» ሲሉ ፋናዬ ከሴቶቹ በኩል አንገቷን አስግጋ እኔን ፈለገች። የበደለኝ እሱ ነው፣ ምን ልሁን?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ጠዋት ከእንግሊዝ ዕቃ ላዝ ብዬ የጎሚኒው ቁጥር ጠፋኝ። ጽፌው እንደነበር ትዝ አለኝ። ወደ ኋላ ገልጬ ማንበብ ልማዴ አይደለም፤ ዛሬ ገለጥኩ። ማርች 8። ቁጥሩ አለ። ቀጥሎ በገዛ እጄ ጽሑፍ፦ «የግራውን እኔ፣ የቀኙን አሥራት።»

ደግሜ አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ አነበብኩት። አይለወጥም። ወረድ ስል ማክሰኞ ቢጫ ቀለም ገዛሁ ይላል። ዓርብም ገዛሁ ይላል።

ላላ አድርጌ አስሬ፣ ስልክ አንስቼ፣ መኪናዋን አውርጄ... ሳላጠብቅ ዕቃ ሰብስቤ ገባሁ። ምንም አላስታውስም። ዛሬም፣ ጽሑፉን እያየሁ፣ አላስታውስም።

ፋናዬን ሳልነግራት ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ጋ፣ ወረድኩ፤ አሥራት በበዓል ዋዜማ እዚያ አይጠፋም። ለበዓል የሚገዛው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። የአሥራት ቫን ከአንዱ ሱቅ ፊት ቆሟል፤ እሱ ውስጥ ተቀምጧል። በሩን ከፍቼ ጎኑ ገባሁ። ማስታወሻውን ገልጬ ሰጠሁት። አነበበው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«ፊትህን አይቼ ነዋ። የገዛ እጅህ ነው ልጅህን ሊገድላት የነበረው ብዬ ልንገርህ?»

ማስታወሻውን ከእጁ ወስጄ ዘጋሁት።

«ደግሞ ሁሉም ውሸት አይደለም» አለ። ዓይኑን መሪው ላይ ተክሎ ነው የሚያወራው። «ካለፈው ታንክስጊቪንግ በዓል ወዲህ አንተ ልትታጠብ ስትገባ ቶርክ ሬንቹን፣ የማጥበቂያውን ቁልፍ፣ አንስቼ አንተ ያሰርከውን እደግማለሁ። ሦስት ጊዜ ላላ አግኝቻለሁ። አንዱ ፍሬን ላይ።»

«ፍሬን ላይ?»

«ፍሬን ላይ። አጠበቅኩት፣ ቢጫውን ቀባሁት፣ ዝም አልኩ። ያን ቅዳሜ ግን ጠሩኝ፤ ሳልደግም ሄድኩ። መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ ነበር... ግን ምን ብዬ? አንተን ያህል መካኒክ፣ ሥራህን ቼክ አድርግ ልበልህ? አፈርኩ። ሶ እኔ ነኝ ስልህ፣ ከእውነቱም አለበት።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ተናደድኩበት።

«ብትነግረኝ ኖሮ እኮ ሊያ...»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አላምነውም ነበር። አባርረው ነበር። ያው አባረርኩት።

የፓርኪንግ ተቆጣጣሪዋ ሴትዮ መስኮት አንኳኳች፤ ለካ መቆም በሚከለክለው ቀይ ጠርዝ ላይ ነው የቆምነው። አሥራት ሞተር አስነሳ። ብሎኩን ዞርን። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። አራተኛው ዙር ላይ ነው አፌ የተከፈተው። «ይቅር በለኝ» አልኩት። «አንተም እኔን» አለ። አምስተኛም ዞርን።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20 — ፋሲካ

አሥራት መጣ። ፋናዬ እንኳን አደረሰህ ብላ ስታቅፈው ቶሎ አልለቀቀችውም። ሁሉንም ታውቅ ኖሯል። እኔ እየገዛሁ የረሳኋቸውን አራት ቀለሞች መሳቢያ ውስጥ ደርድራ ያስቀመጠቻቸው ራሷ ናት፤ አይቼ እንድጠይቃት።

ከምሳ በኋላ ለሊያ ነገርኳት። ማስታወሻውን ሳልይዝ፣ በአፌ።

«ሶ አንተ ነህ?» አለች። ጥያቄዋ ለማንም የሆነ አይመስልም ነበር። ጓሮ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ነገ ሐኪም ጋ እደውላለሁ። አብሬህ እሄዳለሁ። እምቢ እንዳትለኝ።» በቁጣ ነው ያለችው። ከዚያ አሥራት ጎን ተቀመጠችና ሳህኑን አነሳችለት።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

አምስት ቃል ያዝ አለችኝ ሐኪሟ። ቆይታ ጠየቀችኝ። ሁለቱን መለስኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 9

የመርሳት በሽታው ገና ጅማሬ ነው አለች። መድኃኒት አለ፣ የሚያድን ግን አይደለም። መኪና መንዳት ቀርቷል። ሊያ ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈች።

ተኝቼ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። አንድ ነገር ነው የሚመላለስብኝ... አውሮፕላኖቹስ? የመጨረሻው ዓመት? ያን ጊዜ ጀምሮኝ ቢሆንስ? ለአሥራት ደወልኩ። «እዚያ ሁለት ፊርማ ነበር አይደል?» አለኝ። አዎ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይቶ ይፈርማል። ማንም ብቻውን አይታመንም፤ ዋና አለቃም ቢሆን። ይህን ለወጣቶቹ ስንት ዓመት ሳስተምር ኖርኩ። እቤቴ ግን ሁለተኛው ፊርማ ተደብቆ ነበር የሚፈርመው፣ እንዳልቆጣ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

መኪናዋን ልሽጣት አልኩ። ሊያ ናት ያልጠበቅኩትን የተናገረችው። «እንደዚያ ሆና አትሸጥም። መጀመሪያ እንጠግናት። የግራውን እኔ አጠብቃለሁ።» እጇን አየሁት። ያን ቅዳሜ ከመሪው ጣት በጣት ያላቀቅኩት እጅ...

ቅዳሜ፣ ጁን 14

አዲሱ ብራቾ ገባ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዝርዝሩን አነበብኩ። ሊያ አጠበቀች፣ አሥራት ደገመ። እጄን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው የዋልኩት። ሁለት ጊዜ ብድግ አልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ማንም ሳይናገረኝ ተቀመጥኩ። ከባድ ነው።

ሊያ መሪ ላይ ተቀመጠች፣ አሥራት ጎኗ። «ትመጣለህ?» የሚለኝ የለም፤ መቀመጫዋ ሁለት ነው። መንገዱ ዳር ቆምኩ።

ከገጠምናት ወዲህ ከውጭ ሰምቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ውስጧ ነኛ። አንደኛ። ሁለተኛ። ኩርባውን ዞረች፣ ጠፋች፤ ድምፅዋ ግን አለ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነዳጁን ለቀቀች። ቆመች። በቃ ልትመለስ ነው አልኩ። ያ ቦታ ነው። ከዚያ ሦስተኛ አስገባች፤ ወረደች። ከዚያ በኋላ ምንም። የጎረቤት ውሃ ሳር ላይ ሲረጭ ብቻ። ሰዓቴን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ።

ከታች ስትመጣ ነው መጀመሪያ የሰማኋት፣ ቆይቼ ነው ያየኋት።

ሊያ ፀጉሯ ተበታትኖ ወረደች። ልታቅፈኝ ስትል «ቆይ» አልኳት። «አታጥፊያት። ቀኝ የፊት ጎማ... ኩሽኔታው እያጉረመረመ ነው።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ አሥራት። «ውስጧ ነበርኩ እኮ!»

«ዳገቱን ስትወጡ ነው። ወደ ግራ ስትጠመዝዝ ይጨምራል።»

ሁለቱ ተያዩ። አወቅኳት ያችን ዓይን፤ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው» የምትለዋን። ክሪክ አመጣና አነሳት። ጎማውን ላይና ታች ይዞ ነቀነቀው። ቆመ። እንደገና ነቀነቀው።

«ይወዛወዛል» አለ ለሊያ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። «ከመንገድ ዳር ሆኖ ሰማው!»

ሊያ ቁልፍ አንስታ ተንበረከከች። «አባዬ፣ የትኛው ነው መጀመሪያ የሚፈታው?»

ነገርኳት። ፋናዬ ለምሳ ጠራችን፤ ማንም አልተነሳም።