ስለታረመው የወንዝ ዳር

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወንበርዎም ከቶ የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። የእኛን ደኅንነት ቢጠይቁኝ፣ እግራችን ሥር ካለው መሬት በቀር ሁሉም በቦታው አለ።

እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣ መስኮቱ ወደ ወንዙ በሚያይ ክፍል ውስጥ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪዎችዎን ዩኒፎርም ስሰፋ አርጅቻለሁ፤ ትምህርት ቤት ግን ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ጨርቅ ተጠቅልሎ በሚመጣበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስህተት ቢያገኙ ለማረም አይሳቀቁ፤ በእስክሪብቶ ይሁን በዶማ ግን አስቀድመው ቢያስታውቁኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎች ሁሉ አንድ መጽሐፍ በጋራ እንዲያነቡ ማዘዝዎን በጊዜው አመስግኛለሁ፤ ያ ምስጋና የእውነት ነበር። መጽሐፉ ሰው ከመሬት ጋር እንዴት ተቻችሎ እንደሚኖር የሚያስረዳ ነው። ትልቋ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየጮኸች ታነብልኝ ነበር፤ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ደግሞ “አባባ፣ ትንሽ ቀስ ያድርጉት እንጂ፣ ወንዙ ጋ ስንደርስ አይሰሙኝም” እያለች ትቆጣኝ ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቀስ አደረግሁ፤ ሰማሁም። ሥር ያልያዘው የወንዝ ዳር ጠርዙ እንዳልተቀመቀመ ጨርቅ ነው፤ አንድ ክር ከተመዘዘ መቆሚያ የለውም። ይህ መጽሐፉ ያለው ሳይሆን እኔ በገባኝ ቋንቋ የተረዳሁት ነው።

ልጆቹም ተረዱት። ከወንዙ በታች በኩል ሰንበሌጥና ደንገል ከነሥሩ እያመጡ፣ ከአንደኛ ክፍል መማሪያ ቤት ጀርባ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ተከሉ። ማንም አላዘዛቸውም። የመጀመሪያው ጥፋት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። አሁን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ በቁጥር ያልቀረበ አቤቱታ ቢሮዎ አይቀበልም ተብያለሁና።

አንደኛ፤ የጋራ ንባቡን የሚጎበኙ እንግዶች ከበላይ መሥሪያ ቤት እንደሚመጡ በተሰማ ሰሞን “እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት የተማሪዎች ሥራ በሙሉ ይታረም” የሚል ማስታወቂያ ፈርመው ለጠፉ። የቋንቋ መምህሩ አነበበውና ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ ድርሰቶቹን አረመ። አትክልተኛውም አነበበውና ዶማውን አንሥቶ ልጆቹ የተከሉትን አረመ። ቋንቋችን ለሁለቱም ሥራ አንድ ቃል ሰጥቶናል፤ አባቶቻችን ጽሑፍንም እርሻንም በአንድ ዓይን ያዩ ስለነበር ይሆናል። አትክልተኛውን ጠይቄው “አባቴ፣ ይታረም ካሉኝ ከማረም ሌላ ምን አውቃለሁ? የኔ እስክሪብቶ እኮ ዶማዬ ናት” አለኝ።  እርስዎ መልስ ካገኙለት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፉት፤ ብቻ ማን እንደሚያነበው ይጠንቀቁ።

ሁለተኛ፤ ስህተቱ የእርሱ ብቻ ነው ማለትዎን ሰምቻለሁ። ይሁን እንጂ ሰውየው ሥር እየነቀለ ሳለ፣ እርስዎ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው አጠገቡ ቆመው “በርታ! አሁን ገና ግቢ መሰለ” ሲሉት በመስኮቴ ሰምቻለሁ። በእኔ ዕድሜ ዓይን ይደክማል፤ ጆሮዬ ግን እግዜር ይስጠው እስካሁን አላሳፈረኝም። ልጆቹ እያለቀሱ ቢሮዎ በመጡ ጊዜም ትልቋን የልጅ ልጄን “አንብቡ አልን እንጂ አድርጉ መቼ አልን?” ብለው ሸኟት። ይህን ቃል በትምህርት ቤቱ በር ላይ በትልቁ ቢያስጽፉት ለሚመጣው ትውልድ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ሦስተኛ፤ እንግዶቹ መጡ፣ እንደ ተላጨ ራስ የገረጣውን አፋፍ አይተው ስለ ንጽሕናው አጨበጨቡ፣ የምስጋና ወረቀት ሰጥተውዎት ሄዱ። ከእነርሱ ቀጥሎ የመጣው ዝናብ ነው፤ እርሱ ግን አላጨበጨበም። ልጃገረዶቹ ገመድ ይዘሉበት የነበረው መሬት ወደ ወንዙ ወረደ። ዛሬ በክፍሉ ጀርባ ማለፍ የሚፈልግ ሰው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ በጎን መሄድ አለበት። አበው “በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ” ብለው በሬውን ይወቅሱታል። እርስዎን ከበሬ ጋር ማወዳደር ድፍረት ነው፤ በሬው ቢያንስ ሣሩን አይቷል።

የክፍሉ የጀርባ ግድግዳ ከወለሉ እስከ መስኮቱ ተሰንጥቋል። ፈጥነው መፍትሔ ስለሰጡት አመሰግናለሁ፤ ስለ ንባቡ በተደረገው የሥዕል ውድድር አንደኛ የወጣውን ትልቅ የዛፍ ሥዕል አስለጥፈውበታል። በርግጥም ከዚያ ወዲህ ስንጥቁን ያየ የለም።

አራተኛ፤ አትክልተኛው “ትእዛዝ በአግባቡ ባለመረዳት” ተብሎ ተባርሯል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አምስተኛውና ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይህ ነው። ትንሿ የልጅ ልጄ የምትማረው እዚያ ግድግዳው የተሰነጠቀ ክፍል ውስጥ ነው። በግቢው ፊት ለፊት፣ ወንዙ በማይደርስበት ጠንካራ መሬት ላይ፣ የጋራ ንባቡ አዳራሽ አለ፤ ወንበሮቹ የሚቀመጥባቸው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን ይቆለፋል። ሕፃናቱ ዝናቡ እስኪያልፍ እዚያ ይማሩ ብዬ በትሕትና ስለምንዎት፣ አዳራሹ ለንባብ ብቻ የተመደበ መሆኑን፣ ግድግዳውም በጀት ሲለቀቅ እንደሚጠገን ነገሩኝ። ክቡርነትዎ፣ የወንዙ በጀት ተለቋል፤ ሰሞኑን ከላይ ሌሊትና ቀን እየዘነበ ነው።

ልጅቷን ቤት ባስቀራት፣ የቀረ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ይሰረዛል የሚል ማስጠንቀቂያ ለእናቷ ላኩ። እናቷ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚያስፈራት ሴት ናት፤ እያለቀሰች መልሳ ወሰደቻት። ልጄን ተቆጣኋት፤ እርሷም “አባዬ፣ ታዲያ ምን ላድርግ? እንደ እርስዎ ደረቅ ሆኜ ልጄን መሃይም ላድርጋት?” አለችኝ።  

ደረቅ መሆኔ እውነት ነው፤ ስለዚህ የማደርገውን ልንገርዎ። ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ በርጩማዬን ይዤ መጥቼ በተቆለፈው አዳራሽ በር ላይ እቀመጣለሁ። አልሳደብም፣ አልጮኽም። ሲገቡም ሲወጡም ተነሥቼ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ዘበኛው ሊያስነሣኝ ቢሞክር የሰፋሁለትን ካፖርት ለብሶ ስለሚሆን እጄ እንደሚራራለት ያውቃል፤ የእርሱ እጅ ግን ይራራልኝ እንደሆነ አብረን እናያለን። በሩ ለሕፃናቱ ሲከፈት እነሣለሁ፤ ከዚያ በፊት አልነሣም።

ቢሮዎን በተደጋጋሚ አንኳክቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎም ለጋዜጣውም በአንድ ቀን መላኬን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ጋራ ንባብ እንዲቆጥሩልኝ እማጸናለሁ።

ሥራዎ እንዲቃና፣ እንግዳዎ እንዲበዛ፣ ከበላይ አካል የሚያገኙት ምስጋናም ከዝናቡ እንዳያንስ ከልብ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣

ከአጥሩ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን አሽጌ ሳልጨርስ ትንሿ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ገባች። መምህርታቸው አዲስ ጨዋታ አስተምራቸዋለች አሉ፤ በድንገት ስታጨበጭብ ሁሉም ደብተራቸውን ትተው ወደ በሩ ይሮጣሉ፤ ቀድሞ ሜዳው ላይ የደረሰ ያሸንፋል። የልጅ ልጄ ሦስተኛ ወጥታ ደስ ብሏታል። ጨዋታው ለምን እንደሆነ አልገባትም፤ እኔም አልነገርኳት። መምህርታቸው በግድግዳው በኩል ያሉትን ልጆች ሁሉ ወደ በሩ አጠጋግታ ስላስቀመጠች፣ ከሥዕሉ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነው። ለእርስዎ የሚመጥን ስፋት እንዳለው ጠይቄ አረጋግጫለሁ።