ከፋና ሁለተኛ አልበም የተቀነሰችው እናቴ

ይድረስ ለተከበሩ የመዝሙር ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወላይታ ሶዶ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ያ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚሰማው ጆሮዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ቦልቴ እባላለሁ። ከዳሞታ ሥር እስከ ሁምቦ ቆላ በጽሑፍ የሚደርስብኝ ሰው የለም፤ ማለቴ፣ ከማታ ትምህርት ጓደኞቼ መካከል፤ ከእነሱም ንግሥቲ ትበልጠኝ ነበር፣ ደግነቱ ወልዳ አቋረጠች። ቀን ቀን በአብዱልመጂድ ጅምላ መደብር ጆንያ እሸከማለሁ። ዘንድሮ ግን ምን እንደተሸከምኩ አንብቤ ነው የምሸከመው።

ወደ ጉዳዬ ስገባ፣ ዘማሪት ፋና ሁለተኛ አልበሟን ስታዘጋጅ ሁምቦ ድረስ ወርዳ የእናቴን የዘነቡን ድምፅ በስልኳ ቀድታ ነበር። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት አንዱ መዝሙሩን ሲመራ ተቀባይዋ በዜማው መካከል የሟቹን ስም ታስገባለች፤ ሐዘንተኛው እንባው የሚወጣለት ያን ጊዜ ነው። ይህ ሥራ የእናቴ ነበር። ለፋናም ስትቀበልላት የራሷን ሙታን፣ አባቴን ወልደመስቀልንና እህቴን ብርነሽን፣ እየጠራች ተቀበለች። ከዚያ አልበሙ ወደ እናንተ ለግምገማ መጣ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. «የአሮጊቷ ድምፅ ደረጃውን አይመጥንም» ብላችሁ ስለወሰናችሁ እጅግ አመሰግናለሁ። እኛ ሁምቦዎች ደረጃ መኖሩን ሳናውቅ ይህን ሁሉ ዘመን ስንጽናና ኖረናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

2ኛ. ከመካከላችሁ አንዱ «ይሄ ወልደመስቀል የሚሉት ማነው? ስፖንሰር ነው እንዴ?» ብለው መጠየቃቸውን ፋና ነግራናለች። ክቡርነትዎ፣ አባቴ ስፖንሰር አልነበረም። በሬ የሌለው ገበሬ ነበር። ሆኖም ሞቶም ቢሆን በስማችሁ እንዳይነግድ ስለተጠነቀቃችሁ አመሰግናለሁ።

3ኛ. በእናቴ ምትክ ስለገባው ኪቦርድ። ንጹሕ ነው፣ አያስልም፣ ጥርሱም ሙሉ ነው። እናቴ ባለፈው ሰሞን ስታርፍ ለቅሶው ላይ ያንኑ መዝሙር ከስልክ ከፈትነው። ፋና መራች፣ ኪቦርዱ ተቀበለ፣ ስም የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቲሪሪም ብሎ አለፈ። ሁላችንም ተያየን። ዘነቡ ብሎ የሚጠራ ጠፋ፤ ሌላውን ሁሉ ስትጠራ የኖረችው እሷ ነበረቻ! እኔ ልሞክር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ በአፌ ሶዶን የማስቅ ሰውዬ ስሟን ሳልጠራ ስልኩን ዘጋሁት።

4ኛው ቅሬታ አይደለም፣ ልመና ነው። የፋና ስልክ ባጃጅ ውስጥ ጠፍቷል። የእናቴ ድምፅ የቀረው ለግምገማ በሰጠቻችሁ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ቢሮአችሁ ስመጣ ጸሐፊዋ «ያልጸደቁት በቅርቡ ይጠፋሉ፣ ካስፈለገህ በጽሑፍ አመልክት» አለችኝ። መጻፍ የማልችል መስሏት ነበር። ይኸው ጻፍኩ፤ እንዳይጠፋም ብዬ ኮፒውን ገበያው መግቢያ ላይ ለጠፍኩት። ፍላሹን ከማጥፋታችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ጊዜ ለእኔ ገልብጡልኝ። ሬዲዮ ላይ አላወጣውም፣ ደረጃችሁንም አላዋርድም። ቤቴን ዘግቼ ነው የምሰማው።

እናቴም ብትሆን አልተቀየመቻችሁም። ከማረፏ በፊት አልጋዋ ላይ ሆና አልበሙን ሰምታ «ግድ የለም፣ ጌታ ይባርካቸው» ብላ ይቅር ብላችኋለች።

ደረቴን ነፍቼ ጀምሬ አንገቴን ደፍቼ የጨረስኩ፣ በአክብሮት ብዛት ከቢሮዎ ደጃፍ የማልጠፋ፣

የዘነቡ ልጅ ቦልቴ ወልደመስቀል

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ይቅር ብላችኋለች ያልኩት ብቻ የራሴ ፈጠራ ነው። እንደተቀነሰች አልነገርኳትም። መዝሙሩ እስኪያልቅ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ደግፋ ሰማችና «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችኝ። ስልኩን ስነካካ «አንቀላፍቼ አምልጦኝ ነው ልጄ፣ እስቲ ድገመው» አለች። ደገምኩላት።