የኤሌኒን ስብ የለካው ሚዛን

የካቲት 12
ነፋስ ብቻ ዋለ። የአጥሩን እሾህ አስተካከልሁ፣ እጄን ወጋኝ።
ኤሌኒ ከሩጫ ልምምድ ስትመለስ ወረቀት ይዛለች። 19 የሚል ቁጥር አለበት።
«ምንድር ነው ይኼ?»
«ስቤ ነው አባባ። ከመቶ ዐሥራ ዘጠኝ።»
ስብ? ይች? እናቷ፣ ልጄ፣ አረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመቷ፣ እኔ አያቷ ነኝ ያሳደግኋት። እንኳን ስብ ሥጋም አይቼባት አላውቅ።
ጫማዋን አውልቃ ሚዛን ላይ ትቆማለች፣ እጀታ ትጨብጣለች፣ ሚዛኑ ውስጧን አይቶ ይናገራል።
«ጠንቋይ ነው በይኛ!» አልኋት። ሳቀች።
መጋቢት መጨረሻ ሁለት ሴቶች ለባሕር ዳር ክለብ ይመረጣሉ። ቁጥሩም ይታያል አለች። አልጣመኝም...

የካቲት 16
ቆዳዋንም በመቆንጠጫ ይለካሉ። ክንዷን፣ ጭኗን፣ ሆዷን።
«ማነው የሚቆነጥጥሽ?»
«አሠልጣኟ ናት፣ እመቤት። ሴት ናት እኮ አባባ።»
ይሁን። ሲለኩ በሩ ግን ለምን ይዘጋል?
አርባ ዓመት ሠንጋ ነግጃለሁ፣ በሐሙሲት ገበያ፣ በአንበሳሜ ገበያ። ጎድኑን ዳብሼ፣ የጭራውን ሥር ጨብጬ ስቡን እናገር ነበር። ተሳስቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ። እሱም ዝናብ ነበር።

የካቲት 24
ዛሬ 22 አለ። ኪሎዋ ግን በሁለት ወርዷል።
እንዴት ነው ነገሩ? ሥጋው እያለቀ ስቡ የሚጨምር ፍጥረት አለ?
ማታ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትሪውን ገፋችው። «በቃኝ» ብላ። ሁዳዴ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት በቤቴ ምንም አይቀመስ፣ ያችኑ የጾም ምሳ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ትታታለች። በምን ልትሮጥ ነው?
አንድ ሰው ሚዛኑን ነካክቶታል።

የካቲት 25
ነስሩ ሱቅ ሄድሁ። በሬ አብረን የነዳን ሰው ነው፣ አሁን ሳሙናና ስኳር ይሸጣል። ነገርሁት።
«አንተ ጥላህ ቢከተልህ ትከሰዋለህ» አለኝ።
«የአሠልጣኟ የእህት ልጅ እዚያው ትሮጣለች አሉ። የኔን ልጅ ጥላ እሷን ልታስገባ ቢሆንስ?»
«ቢሆንስ፣ ቢሆንስ! እኛ ለበሬው ጨው አልሰን፣ ውኃ ግተን፣ ሆዱን ነፍተን ስንሸጥ ማን ከሰሰን?»
እኔም የምለው ይኸንኑ አይደል? ሚዛን ያለ ሰው አይዋሽም። ሂጄ ባይኔ አያለሁ።

መጋቢት 1
ኤሌኒን በባጃጅ አመጧት። ሜዳ ላይ ወድቃለች። ጉልበቷ ተልጧል፣ ከንፈሯ ክው ብሎ ደርቋል።
«ዞረብኝ እንጂ ምንም አልሆንሁም። ለአሠልጣኟ እንዳትናገር አባባ። ትቀንሰኛለች።»
እንዴት አልናገር?

መጋቢት 2
ስምንት ሰዓት ላይ ሜዳው ደረስሁ። አሠልጣኟ ቀጭን ሴት ናት፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ። ተነሥታ እጅ ነሣችኝ። አልተሸነፍሁላትም።
«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ሚዛንሽን አሳይኝ። እኔን ለኪኝ።»
«እርስዎን?»
«እኔን!»
ጫማዬን አወለቅሁ። እጀታውን ጨበጥሁ። 31 አለ። ጎድኔ የሚቆጠር ሰውዬ! ሸሚዜን ገልጬ አሳየኋት። «ይኸውልሽ ውሸታም ሚዛንሽ። የቱ ላይ ነው ስቡ?»
ልጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው።
«አባቴ፣ ዛሬ ውኃ ጠጥተዋል?»
«በጾም? እኔ? እስከ ዘጠኝ ምራቄን ብውጥ ነው!»
«ኤሌኒስ?»
«በኔ ቤት አድሮ ማን ይጠጣል? ሟቿ ባለቤቴ ያቆመችው ሥርዓት ነው። ሕፃናት እንኳ ይጾሙ ነበር።»
ፊቷ ተለወጠ። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።
«ይኼ ሚዛን ስብ አያይም። ትንሽ ኤሌክትሪክ በገላ ውስጥ ይልካል። ውኃ ያለበት ገላ ቶሎ ያሳልፈዋል፣ የደረቀ ገላ ያዘገየዋል። የዘገየውን ሁሉ ስብ ነው ብሎ ይጽፈዋል። መቆንጠጫው እየቀነሰ ሚዛኑ ሲጨምር ግራ ገብቶኝ ነበር። ጠጥተሻል ወይ እያልሁ ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ። አዎ ትለኛለች።»
ዋሸቻት። ለማን ብላ?
ደኅና ዋይ ሳልል ወጣሁ።

መጋቢት 3
ቁጥሩን ለማውረድ ምግብ ትተዋለች። ቁጥሩን የሰቀለው ጥማት ነው።
ጥማቱ የማን ነው?... ዛሬ አልጽፍም።

መጋቢት 5
የንስሐ አባታችን መምሬ ወርቁ ዘንድ ሄድሁ። ለልጅቱ ውኃ ይፈቀድላት ልል። መጀመሪያ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብስ አወራሁ። በኋላ እንደምንም ተናገርሁ።
መምሬ ገረማቸው። «እኔ ኮ ዓምና ፈቅጄላታለሁ። የምትሮጥ ልጅ ናት፣ ጠዋት ጠጪ፣ ቅመሺም ብያታለሁ። አልነገረችህም?»
አልነገረችኝም።
ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገረችኝም ብዬ ልጠይቅ... ማንን? ብትነግረኝ ምን እንደምላት አውቀዋለሁ። እሷም ታውቀዋለች።

መጋቢት 8
ጠዋት ውኃ ቀድቼ አልጋዋ ዘንድ ወሰድሁ። ውኃውን አየች፣ እኔን አየች።
«ጾም ነው አባባ።»
«ላንቺ አይደለም። መምሬን አግኝቻቸዋለሁ። ጠጪ።»
ፊቷን አዙራ ጠጣች። ሁለት ጣሳ። እኔም ወጣሁላት።
ስምንት ሰዓት ላይ አብረን ሄድን። ለኳት፣ 16 አለ። እኔ ደስ አለኝ፣ አሠልጣኟ ግን አልተደሰተች።
«ኪሎዋ የወረደው በስብ ብቻ አይደለም፣ በጡንቻም ነው። መብላት አለባት። ለዚህ ወር ምርጫ አላቀርባትም፣ ትሰበርብኛለች። ሰኔ ሌላ አለ።»
ኤሌኒ መሬት መሬት አየች። ሦስት ሳምንት የተራበችው ለዚሁ ምርጫ ነው።
ልጆቹ ቆመው ይሰማሉ። የአሠልጣኟ የእህት ልጅ የምትባለውም አለች። ልምምድ ከጀመረች አንድ ክረምት ያልሞላት ለጋ፣ እንኳን የኤሌኒን ቦታ ልትወስድ ገና ጫማ ማሰር አልለመደች።
«ጥፋቱ የሷ አይደለም» አልሁ። «የኔ ነው። ያስጠማኋት እኔ ነኝ። አንቺንም በክፉ ጠርጥሬሻለሁ።»
ይኸን ያህል ነው ያልሁት።
ስንመለስ ምግብ ቤቶቹ ጋ ቆመች።
«አባባ... ርቦኛል።»
ገና ስምንት ተኩል ነበር። አስገባኋት። ሽሮ በሁለት እንጀራ አዘዝሁ። ሰው እያየን፣ እኔ ፊት ለፊቷ ባዶ እጄን ተቀምጬ፣ እሷ በላች። ጨመረች። ደግሞ ጨመረች።