ከጎጆዋ ያስነሳኋት ዝይ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ጀማል፤
ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጤናዎ እንዴት ነው አባባ? ጉልበትዎስ ዝናቡ ሲገባ እንዳምናው አስቸገረዎት ወይስ ወንድሜ መህዲ ያመጣልዎት ቅባት ረዳዎት? እንቅልፍዎስ፣ የምግብ ፍላጎትዎስ? ለሱብሂ መስጊድ ሲወጡ ከዘራዎን እንደሚይዙ ነግረውኝ ነበር፤ ሚስቱ ዊዳድ ግን በር ላይ ትተውት እንደሚሄዱ አጫውታኛለች። እባክዎ ጭቃው እንዳይጥልዎት ይጠንቀቁ። እኔም አማችዎ ኢብራርም አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ የዓለም ባንክ ሰፈርን መንገድ ኩሬ ስላደረገው ጠዋት ጠዋት ታክሲ ጥበቃ ፌርማታ ላይ እንንቀጠቀጣለን እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። እርስዎ ግን እንደ ልማድዎ "ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን" ይሉና ስልኩን ለመህዲ ይሰጡታል። ከእርስዎ በፊት እሱ እንዲሰማው አልፈለግሁም። ለአረፋ ሳልመጣ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬዎት ነበር። ውሸቴን ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ፎቶ ቤቱን ለኢብራር ትቼ አንዲት ዝይ ስጠብቅ ነበር የከረምኩት። እንዲህ ስጽፍልዎ ልጄ ምን ነካት እንደሚሉ ይገባኛል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

በሚያዝያ ማኑሄ የሚባል የባዮሎጂ መምህር ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣ። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን የሰርግ ፎቶዎች ሲያይ ቆየና ወፍ አንስቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ አገራችን አዕዋፍ ለተማሪዎች የሚሆን መጽሐፍ እያዘጋጀ ኖሯል። "እኔ የማነሳው ሙሽራ ነው፤ ቁም ሲሉት የሚቆም" አልኩት። ሳቀና እስቲ አንድ ቀን ሞክሪው አለኝ። ከዓለም ባንክ በባጃጅ ወጣ ብሎ አንድ ጨፌ አለ፤ ዙሪያው ታጥሮ የአዕዋፍና የዱር እንስሳት መጠለያ ሆኗል። ይህን ሁሉ ዓመት ኮልፌ ስኖር መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ በሌንስ ያየሁት ጋጋኖን ነው። እርስዎ ኮልፌ ሳሉ በየጠዋቱ በጣራችን ላይ እየጮኸ ሲያልፍ "ይሄ ደግሞ ማን ሞቶበት ነው" የሚሉት ወፍ። ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው ክንፉ በቅርብ ሲታይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ያብረቀርቃል። ጉሮሮው ሥር ደግሞ ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ምን እንደሚሠራለት ማኑሄን ብጠይቀው "እርግጠኛ አይደለሁም" አለኝ። አስተማሪ እንዲህ ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያዘኝ። ጽድ ዛፉ ላይ ያሉት ጉሬዛዎች ቅጠል እያኘኩ ቁልቁል ያዩኛል፤ ማን ማንን እንደሚመለከት ግራ ይገባል። ድኩላም አለች። እሷን ፍለጋ ስድስት ጠዋት ተመላልሼ ያገኘሁት የጆሮዋን ፎቶ ብቻ ነው።

ጠባቂዋ ሌሊሴ ትባላለች። የዚያው አካባቢ ልጅ ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ ብትሆን ነው። ባለሰማያዊ ክንፏን ዝይ ያሳየችኝ እሷ ናት። ከእኛ አገር ደጋ በቀር በዱር የትም አትገኝም አለችኝ። ስትቆም አንገቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች። መልኳ ዐመድማ ነው፤ ሰማያዊው ደህና ሆኖ የሚታየው ክንፏን ስትዘረጋ ነው። ግንቦት ሲገባ ሌሊሴ ሣር መሃል ያለ ጎጆዋን በሩቁ አሳየችኝ። ዝይዋ ልትግጥ ስትነሳ ጠብቀን በሌንስ ቆጠርን፤ ስድስት እንቁላል። ከዚያ አንድ ትልቅ ድንጋይ አመለከተችኝና "ከዚህ እንዳታልፊ" አለችኝ።

ማኑሄ ለመጽሐፉ ሽፋን ሰማያዊው የሚታይበት ፎቶ ቢገኝ ደስ እንደሚለው ነግሮኝ ነበር። አራት ጠዋት ጠበቅሁ። በአምስተኛው ቀን ሌሊሴ በሌላኛው በር በኩል ሳለች ድንጋዩን አለፍኩ። ሰርግ ላይ ልጆች ወደ ካሜራው እንዲያዩ እንደማደርገው አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። ዝይዋ ተነሳች። አባባ፣ ያ ሰማያዊ ሱቅዎ ውስጥ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው ያስቀምጡት የነበረውን ሐር ይመስላል። አሥራ አንድ ጊዜ አነሳኋት። ጎንበስ ብዬ ያነሳሁትን ሳይ ቁራ ወረደ። ቀና ስል አንዱን እንቁላል በአፉ ይዞ ሊነሳ ነበር። እየጮህኩ ሮጥኩ፤ ምን ዋጋ አለው።

ዝይዋ ውኃው ዳር ሆና ትጮሃለች፣ ግን ወደ ጎጆዋ አትመለስም። እንዳትመለስ ያደረጋት እዚያ መቆሜ መሆኑን ለመረዳት እንኳ ጊዜ ወሰደብኝ።

ማንም አላየኝም። ካሜራዬን ሸክፌ መውጫው በር ድረስ ሄጄ ነበር። ባጃጁም ቆሞ ነበር። ግን እግሬ እንቢ አለኝና ተመልሼ ለሌሊሴ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ "ስንት ቀረ?" ብቻ አለችኝ። አምስት አልኳት። መዝገቧ ላይ ጻፈች። ከዚያ ዝይዋ በራሷ ጊዜ ስትነሳ እንቁላሎቿን በላባዋ ሸፍና እንደምትሄድ፣ እኔ ግን ለመሸፈን ጊዜ እንዳልሰጠኋት አስረዳችኝ። "አሁን ቁራው ቦታውን አውቆታል፤ ነገም ይመጣል" አለችኝ። ባልደረባዋ ፈቃድ ላይ ስለነበረ ብቻዋን ናት። "እኔ እጠብቃለሁ" አልኳት። እሷም "ያለ ካሜራ ከሆነ" አለች።

በዚህ ሁኔታ አረፋ ደረሰ። ከሰላት መልስ የበዓል ልብሴን ሳልቀይር ጃንጥላና ዱላ ይዤ ድንጋዩ ጋ ተቀመጥኩ። እናንተ ዘንድ ሥጋው ሲከፋፈል፣ ሰው ሲሰበሰብ እየታየኝ አለቀስኩ። ቁራው በዚያ ቀን ብቻ ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስት ጊዜም ዱላዬን አይቶ ዞረ።

ሰኔ 11 ቀን ማለዳ እያካፋ ሳለ ሌሊሴ ደወለችና "ካሜራሽን ይዘሽ ነይ" አለችኝ። አንዱ እንቁላል ሳይፈለፈል ቀርቷል። አራት ጫጩቶች ግን እናታቸውን ተከትለው ሣሩን እየሰነጠቁ ወደ ውኃው ይሄዳሉ። ተጣድፌ ሳነሳ አብዛኛው ፎቶ ደብዝዟል። አንዱ ብቻ ጠርቷል፤ እሱም ላይ ሦስቱ ሲታዩ ከአራተኛው የወጣው ጭራው ነው። ሌሊሴ አይታ "ሰርግ ላይም እንዲህ ነው የምታነሺው?" ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ለማኑሄ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ ሰማያዊው የሚታይበትን ፎቶ እንተወው አለኝ። እኔ ግን እንዲወጣ፣ ከሥሩም እንዴት እንደተነሳና አንድ እንቁላል እንዳስጠፋ እንዲጻፍ ጠየቅሁት፤ ልጆቹ ካሜራ ሲይዙ የእኔን እንዳይደግሙ። ተስማማ። ስምሽን ልተወው ወይ ቢለኝም፣ ጥፋቱን ተናግሮ ባለቤቱን መደበቅ ደስ አላለኝም። ችግሩ ስሜ ሲጻፍ አልፊያ ጀማል ተብሎ ነው። እርስዎ ያን ሁሉ ዘመን ሲነግዱ ስምዎን በክፉ ያነሳ ሰው አላውቅም። መጽሐፉ በመስከረም ለየትምህርት ቤቱ ስለሚሰራጭ የልጅ ልጅዎ ሰልሳቢል ክፍል ውስጥ ልታገኘው ትችላለች። ማኑሄ እስከ ሐምሌ 10 ሊጠብቀኝ ቃል ገብቷል። ይሁን ካሉኝ ይታተማል፤ አይሁን ካሉ ፎቶውን ራሴ አጠፋዋለሁ፣ ቅርም አልሰኝም።

ሁለቱንም ፎቶ አጥቤ አብሬ ልኬልዎታለሁ። የጫጩቶቹን ከማየትዎ በፊት ሰማያዊዋን ይዩልኝ። ቆንጆ ናት አባባ፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ለመህዲ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ለአረፋ ስላስቀየምኩት ቀርቤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ዊዳድን የከዘራውን ነገር አደራ ይበሉልኝ። ሰልሳቢልን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ ፎቶዎቹን ማሳየቱን ግን ለእርስዎ ፈቃድ ትቻለሁ። ኢብራር እጅ ይነሳል። መልሱን በመህዲ ስልክ ሳይሆን በራስዎ እጅ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ሁለት መስመርም ቢሆን ይበቃኛል።

ልጅዎ አልፊያ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.